ራሱን የሚጠግነው አምባር

«አሁን እዩት!» አለች ፀደንያ፣ ሰልሰቢል እጅ ላይ ያለውን ጥቁር አምባር በመቀስ እየቆረጠች። አምባሩ ላይ የተተከለችው ቀይ መብራት ድርግም አለች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገው ቀረቡ። ፀደንያ የተቆረጡትን ጫፎች አገጣጥማ ጫን አደረገቻቸውና እስከ አስር ቆጠረች። መብራቷ ቦግ! የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ።

መብራቷን ያበራችው ግን ሰልሰቢል ነበረች። በጭብጧ ውስጥ ሽንብራ የምታክል ማብሪያ ደብቃለች፤ ቀጭኑ ሽቦ በዩኒፎርሟ እጅጌ ሥር አልፎ ከባትሪው ጋር ይገናኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት እውነተኛውን ሠርተው ነበር። ነጭ ኮላ፣ ቦራክስ የሚባል የማጠቢያ ዱቄትና የእርሳስ ግራፋይት አደባልቀው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አወጡ። በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ልጆች ናቸው፤ ሲቆረጥ ይላቀቃሉ፣ ሲነካኩ መልሰው ይያያዛሉ። ወደፊት ልብስና ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮኒክሶች ከእንዲህ ዓይነት ነገር እንደሚሠሩ አንብበዋል። አንድ ቀን በትክክል ሠራላቸው፤ መብራቷ ፈዘዝ ብትልም በራች። ከዚያ በደንብ ባልታጠበ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ዘግተው አስቀመጡት። በውድድሩ ዋዜማ ሲከፍቱት ንፍጥ መስሎ፣ ሻጋታ አውጥቶ፣ ሁለት ዝንብ ተጣብቆበት ጠበቃቸው።

«አቦ አታካብጂ፤» አለች ፀደንያ ያን ጊዜ። «አንዴ ሠርቷል አይደል? በሽቦ እናሳያቸዋለን። ለከተማው ውድድር እንደገና እንሠራዋለን። ማን ያውቃል?»

ሰልሰቢልም እሺ ብላ ነበር።

የፊዚክስ መምህራቸው ቲቸር ማሙሸት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሁለቱንም ጨበጣቸው። አንደኛ ወጡ። ሰልሰቢል መታጠቢያው ጋ ሄዳ እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። መቀፈፉ አለቀቃትም።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ለአባቷ ምሳ ይዛ ምን አለሽ ተራ ሄደች። አባቷ ጠሀ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራል። ከጎኑ እትዬ አበራሽ ቆራሌዎች የሚያመጡትን ጣሳና ጠርሙስ እየለዩ ይሸጣሉ።

«መጣችልኝ መድኃኒቴ!» አሉ እትዬ አበራሽ። «አባትሽ ከሐሙስ ጀምሮ ወሬው ሁሉ ያንቺ ነው። ቁስል የሚገጥም ላስቲክ ሠራች አለን።»

«ራሱን የሚጠግን ነው ያልኩት፤» አለ አባቷ መዶሻውን ሳያቆም። ኩራቱ ግን ከፊቱ ያስታውቃል።

«ያው ነው! ራሱን የጠገነ እኔን ያቅተዋል?» ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸው ላይ የጠመጠሙትን ጨርቅ መፍታት ጀመሩ። «ረቡዕ ቆርቆሮ ወግቶኝ ነው መሰለኝ። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞት አልተሰማኝም እኮ፤ ደሙን አይቼ ነው ያወቅሁት። ጤና ጣቢያ ልሄድ ስል አባትሽ ያንቺን ነገረኝ። እዚያ ወረፋ ከምጠብቅ አንቺን ልጠብቅ አልኩ።»

ጨርቁ የመጨረሻው ዙር ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ሲላቀቅ ሽታው መጣ። ውስጥ እግራቸው መሀል ላይ ጠርዙ የጠቆረ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው አብጦ ያብለጨልጫል፣ መግል ቋጥሯል። ዝንብ መጥቶ አረፈበት። እትዬ አበራሽ አልተሰማቸውም። ሰልሰቢል አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ቀፈፈሽ አይደል የኔ ልጅ?» አሉ አፍረው፣ እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሥር እየሰበሰቡ።

ቀፏታል። ግን የባሰ የቀፈፋት ሌላ ነበር። እኚህ ሴት ቁስላቸው እየበሰበሰ የጠበቁት እሷ በጭብጧ የደበቀቻትን ማብሪያ ነው።

«እትዬ፣ የኛ አምባር ሰው አያድንም።» ሻርፗን ከአፏ ላይ አወረደች። «ራሱንም አይጠግንም። ዋናው ተበላሽቶብን በሽቦ ነው ያበራነው። ወላሂ፣ ፎርጅድ ነው።»

መዶሻው ቆመ። «ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«ዋሽተን ነው አንደኛ የወጣነው፣ አባ።»

ጠሀ ዙሪያውን አየ። ጎረቤቶቹ ሰምተዋል። ሰልሰቢል ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ግን መዶሻውን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ይሄን ቤት እናወራዋለን። አሁን በዚያ በኩል ደግፊያቸው።»

ጨርቁን መልሰው ጠምጥመውላቸው፣ እስከ ዋናው መንገድ ደግፈው ወስደዋቸው፣ በታክሲ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ወረፋ ሲጠብቁ ሰልሰቢል ስልክ ላይ የፀደንያ መልእክት ገባ። «ሰልሲ፣ ለከተማው ውድድር ማብሪያዋን ትንሽ እናሳንሳት። እንዴት እንደሸወድናቸው ግን!»

መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ጻፈች፦ «ሰኞ ጠዋት ለቲቸር ማሙሸት ሁሉንም እነግረዋለሁ። አብረሽኝ ብትገቢ ደስ ይለኛል። ባትገቢም እገባለሁ።» ላከችው። ስልኩ ወዲያው መጥራት ጀመረ። ድምፁን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነርሷ ጓንቷን አጥልቃ ወጣች። «ሳጸዳው እግራቸውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አባቷ ሊነሳ ሲል ሰልሰቢል ቀደመችው። ገብታ የእትዬ አበራሽን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ያዘች። ነርሷ ጨርቁን ፈታች፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«አጥብቄ ያዝኩዎት እንዴ እትዬ?»

«አይሰማኝም የኔ ልጅ፤» አሉ እትዬ አበራሽ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። «ብቻ አትልቀቂኝ።»

ሰልሰቢል ፊቷን ሳታዞር ያዘች።