ጭድ ውስጥ የለሰለሰ ፒር

አባቴ በሽማግሌ ፊት የሠሩኝን ሥራ ስንት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬአለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ግን አንድ ቀንም አልረሳሁትም።

አባቴ ገብረ መስቀል ይባላሉ። መቱ ከተማ ዳር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ከሚስዮኖች ችግኝ ተቀብለው የተከሉት የፒር ዛፍ አለ። ፍሬው ድንጋይ ነው። ጦጣ እንኳ ነክሶ ይጥለዋል። ሰፈሩ «የገብረ መስቀል ጠጠር» ይለዋል።

ኩመራን ያወቅሁት እዚሁ ዛፍ ላይ ሆኜ ነው። አባቱ የእኛ ጭሰኛ ነበሩ። መሬት ላራሹ ታውጆ መሬታችንን የገበሬ ማኅበሩ ሲከፋፈለው፣ የመለኪያውን ገመድ ከያዙት አንዱ እሱ ነበር። አጥራችን ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ፣ ውረጂ! ሥራ አስፈታሽኝ እኮ!»

«እኔ ምን አደረግሁህ? መሬታችን አልበቃ ብሎህ ዛፉንም ልትለካው ነው?» አልኩና አንድ ፍሬ ወረወርኩበት።

ትከሻውን መታው። አልተቆጣም። አነሣው፤ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ያንን ድንጋይ እየቆረጠመ ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ምንጭ ዳር እንገናኝ ጀመር። ብዙ አናወራም። እንስራዬን ያሸክመኛል፤ እጁ እጄን ይነካል።

በዓመቱ ኩመራ የሰፈሩን ትልቅ ሰው ኦቦ ፉፋንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ላከ። እኔ ጓዳ ቆሜ እሰማለሁ። ሽማግሌ ቤት ከገባ የሚቀመስ ነገር ይቀርብለታል፤ አባቴ ከዛፉ ያኔውኑ የተቀጠፈ ፒር በሰፌድ አቀረቡ። ኦቦ ፉፋ ነክሰው አገጫቸውን ያዙ።

«መሬቴን ለክታችሁ ወሰዳችሁ» አሉ አባቴ። «ልጄን ደግሞ ይሄ ሲለሰልስ ኑና ውሰዱ። ዛፉን ጠብቁ።»

ሽማግሌዎቹ የእውነት መሰላቸው። እየተመላለሱ ፍሬውን በአውራ ጣት ይጫኑታል። ድንጋይ እንደሆነ ከረመ፤ ከዚያ ረገፈ። ሲሰነጠቅ ውስጡ ጠቁሯል። ገበያው ሳቀባቸው። ኦቦ ፉፋ የዚያን ሰው ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም ብለው ማሉ።

ኩመራ ምንጩ ዳር ጠበቀኝ።

«ሸሚዜን አበላሸሽብኝ» አለኝ።

«ምን አድርጌ?»

«ኦቦ ፉፋ ከሰፌዱ አንዱን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ተናድጄ ሳጥኔ ውስጥ ወረወርኩት። ለካ ልብስ መሀል ሆኖ ለስልሷል። ነጩ ሸሚዜ ላይ ፈረጠ። ማር ነው እኮ፣ ትብሌ!»

«ታዲያ ለኦቦ ፉፋ አትነግራቸውም?»

«ነገርኳቸው። ምለዋል፣ አይመለሱም።» ሳቁ ጠፋ። «ደግሞ ለሚሊሺያ ተመልምያለሁ። መኪናው ነገ ወደ ሰሜን ይነሣል።»

ውኃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ አባቴ ማንንም የማያስነኩትን፣ ጎተራው ሥር ያለውን ጭድ በእጄ በረበርኩት። ፒር አገኘሁ፤ የለሰለሰ። ከዛፍ ላይ ጥሬውን ለቅሞ ጭድ ውስጥ መቅበር ነው እንጂ፣ ፒር ዛፍ ላይ እንደማይበስል አባቴ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው ዛፉን ጠብቁ ያሉት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥሬውን ለቅሜ ጭድ ውስጥ የምቀብረው እኔ ሆንኩ። ሲለሰልስ በሰፌድ አቀርብላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን እሳቸው ያነሣሉ፣ በልተው አፋቸውን ይጠርጋሉ። ሌላ ሰው ሽማግሌ ሲልክ «ፒሩ አልለሰለሰም በሏቸው» እላለሁ። እልኸኛ አሉኝ። ቆማ ቀረች አሉኝ። ይበሉ።

ኩመራ ከሰሜን ተመልሶ ኡካ በምትባል ትንሽ ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ ተቀምጧል ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ። ሰው አልላክሁም፤ ራሴ ሄድኩ። ደጅ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ምርኩዙ አጠገቡ።

«እግሬን አየሽው?» አለኝ ሰላም ሳይለኝ።

«አየሁት።»

«አሁን ማን ሽማግሌ ይሆነኛል?»

«እኔ።»

ምርኩዙን አንሥቶ ተነሣ።

እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጅ ተቀመጡ። ሰፌዱን ይዤ ወጣሁ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ አጥሩ በር ላይ የቆመውን አዩ።

«ማን ነው?»

«ኩመራ ነው፣ አባባ። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ፒሩን ይጫኑት።»

በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ጣታቸው ሰመጠ።

«እኔ ዛፉን ጠብቁ ነው ያልኩት።»

«ዛፍ ላይማ ይበሰብሳል፤ እርስዎ ያውቃሉ። እኔስ እዚያው ልቅርልዎት?»

ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አሳዘኑኝ፤ ግን አልተቀመጥኩም። ከሰፌዱ የመጀመሪያውን ፍሬ አነሣሁ። አባቴን አለፍኩና ግቢውን ተሻግሬ ለኩመራ ሰጠሁት።