«በእኔ ይሁን» ያለው ሰዒድ

ጂን አለ ወይ ብትሉኝ አለ፣ ቁርኣን ላይ ያለውን እኔ ማን ነኝና እክዳለሁ፣ ግን ጂኑ ሥራ ፈትቶ እኛ ከተማ መርሳ ድረስ መጥቶ የአንዲት ሴትዮ ስልክ ይነካካል ቢሉኝ ስቄ ነበር የማልፈው፣ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወሩትን «እስቲ ሥራ ፈልጉ» የምል ሰው ነበርኩ። ሙያዬ ኮምፒውተር ነው፤ ነገር ሲበላሽ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ካልተገኘ የሚፈልገው ሰው ሰንፏል ማለት ነው፣ አለቀ።

ከጦርነቱ በፊት ከየከተማው የተሰባሰብን ልጆች መድኃኒት ቤቶች ዕቃቸውን የሚመዘግቡበት ፕሮግራም እንሠራ ነበር፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ ይወስዳል፣ የቻለ ያሻሽላል፣ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ሠራተኛ ቀጥረን ስልክ የምናስነሣ ስላልሆንን ተጠቃሚው እርስ በርሱ እንዲረዳዳ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን፣ እሱን ማደራጀት ደግሞ በእኔና በሰዒድ ላይ ወደቀ። ሰዒድ አብሮ አደጌ ነው፣ መርሳ ዋናው መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት አለው፣ ትዕግሥቱ የሚያናድድ ሰው ነው። ግሩፑ መጀመሪያ ላይ የቅዳሜ ገበያ ነበር፣ የኢድ ሰላምታው፣ የቦታ ሽያጩ፣ «ፕሪንተሬ አልሠራ አለኝ» የሚለው ሁሉ አንድ ላይ ተደበላልቆ። ስለዚህ ጥያቄን ለብቻ፣ ወሬን ለብቻ አደረግንና አንድ ደንብ አወጣን፦ ጥያቄ ሲመጣ መመለስ የሚችለው ሰው መጀመሪያ «በእኔ ይሁን» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አይነካውም፣ ምክንያቱም ሁሉም የየራሱን መልስ ሲያዥጎደጉድ ጠያቂው ያብዳል። ሰዉ ደንቡን ከመልመዱ የተነሣ አንዴ «በእኔ ይሁን» ከተባለ ቤት ቢቃጠል እንኳ ሌላው ትንፍሽ አይልም ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ የወሬው ክፍል በሬሳ ፎቶ ተሞላ። ወላሂ አልዋሽም፣ ትናንት ሲረዳዱ የነበሩ ሰዎች፣ ነጭ ጋዋን የሚለብሱ ሰዎች፣ የሞተ ልጅ ፎቶ ለጥፈው ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረድራሉ፣ እኔ ሳጠፋ እነሱ ይለጥፋሉ፣ የዚያኛውም ወገን የዚህኛውም። ዛሬም አንዳንዶቹን መንገድ ላይ ሳገኛቸው እጃቸውን መጨበጥ ይቀፈኛል።

ታጣቂዎቹ ሲቃረቡ እኔ ሸሸሁ፣ ሰዒድ ግን «አባቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ በሽተኛውስ?» ብሎ ቀረ። ከተማዋ ተለቅቃ ስመለስ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ሰዒድም የለም። መድኃኒት አውጣ ብለው እየደበደቡ ሲወስዱት ጎረቤቶቹ አይተዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። አባቱን አባ ይማምን ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ልጃቸው የተወላቸው ኢንሱሊን አልቆ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ወልድያ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ዞሬያለሁ፣ የተረፈ ነገር ቢኖር ባዶ መደርደሪያ ነው።

«አባ፣ ሰዒድ የደበቀው አይጠፋም፣ የት እንዳደረገው አልነገረዎትም?» አልኳቸው።

«‹አብሽር አባ፣ አታስብ፣ መድኃኒቱ ሞልቷል› ብቻ ነው ያለኝ። ቢይዙኝ እንዳላወጣ ብሎ ይሆናል፣ ቦታውን አልነገረኝም። እኔስ ልጄ፣ ዕድሜዬን በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። የሰዒድን መግቢያ ሳላውቅ መሞት ነው የከበደኝ» አሉኝ።

መግሪብ ሲባል መድኃኒት ቤቱ ገባሁ። ሽታው ከበሩ ነው የተቀበለኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ባንኮኒው ላይ ተጸዳድተውበታል፣ ክኒኑን እዚያው ላይ በጫማ ረግጠውታል፣ ዝንቡ ደግሞ በዚያ ብርድ እንኳ ድግስ ላይ ነው። መዝረፉስ ይሁን፣ ሕፃን የሚጠጣው ሽሮፕ ላይ መቀመጥ ግን ምን ዓይነት ጥጋብ ነው? አፍንጫዬን በሻሼ ይዤ፣ እየተሳደብኩ፣ መሳቢያውን ሁሉ ፈተሽኩ፣ ምንም የለም። ያኔ ጅል ሥራ ሠራሁ፣ ሲቸግረኝ እጄ የለመደውን ነው ያደረገው፣ ስልኬን አውጥቼ የጥያቄው ክፍል ላይ «ለአባ ይማም ኢንሱሊን ያለው?» ብዬ ጻፍኩ። ኔትወርክ ከየት ይመጣል፣ መልእክቱ ጎኑ ላይ የሰዓት ምልክት አውጥቶ ቀረ።

መጀመሪያ የሰማሁት የውኃ ጠብታ ነው፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ቧንቧው ከደረቀ ግን ሰንብቷል። ቀጥሎ ዝንቦቹ ዝም አሉ፣ ሁሉም፣ ባንዴ። ከዚያ ስልኬ ለጥያቄው ክፍል ብቻ የመደብኩትን ድምፅ አሰማ። ከጽሑፌ ሥር የሰዒድ ስም፣ ከስሙ ጋር አጭር የድምፅ መልእክት። ከፈትኩት፣ ያንን ጠብታ ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት፣ ከዚያ የራሱ የሰዒድ ድምፅ፣ ያው የማይቸኩል፣ «በእኔ ይሁን። ጓሮ፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከቆሻሻው ሥር» አለ።

ሮጬ መውጣት ነበረብኝ፣ ወደ መንገዱ ማለቴ ነው፣ እግሬ ግን ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ሰው እጁን የማይሰድበት ቦታ ነው የመረጠው፤ በባዶ እጄ ያንን ቆሻሻ እየዛቅኩ፣ እያስመለሰኝ፣ እያለቀስኩ፣ አንድ ትልቅ ጋን አፍ ላይ ደረስኩ። ጋኑ ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ትንሽ እንስራ፣ እንስራው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለሉ የኢንሱሊን ብልቃጦች። ፍሪጅ ሲጠፋ መድኃኒት እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንዲህ ይቀዘቅዛል፣ እሱ አያስገርምም፤ አሸዋው ሲደርቅ ግን ውኃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል፣ ሰዒድ ከተወሰደ ስንት ጊዜው፣ አሸዋው ግን ርሶ እጄ ላይ ተጣበቀ። መልሼ ስልኬን ሳይ የድምፅ መልእክቱ የለም፣ ጥያቄዬ ብቻ ከነሰዓት ምልክቱ ተቀምጧል።

አባ ይማም ተረፉ። የት እንዳገኘሁት ነገርኳቸው፣ ማን እንደነገረኝ ስነግራቸው ግን አያምኑኝ ይሆን ብዬ ስሰጋ፣ እሳቸው ጭራሽ ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው ኔትወርኩ ሲመጣ እሱኑ ጠይቂልኝ፣ የት ነው በይልኝ» አሉ።

መጣ ኔትወርኩ። «ሰዒድ የት ነው? ያየ፣ የሰማ ይንገረን፣ የሚጠይቁት አባቱ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከወልድያ፣ ከሐራ፣ ከውርጌሳ የነበሩት አባላት አንድ በአንድ ሲገቡ አያለሁ። ማንም ገና ሳይጽፍ፣ ከሥሩ፣ በሰዒድ ስም፣ «በእኔ ይሁን» የሚል ወጣ። ይኼኛው አልጠፋም፣ ሁሉም አይቶታል፣ አንዱማ ያቺን የለመዳትን የሳቅ ምልክት አስቀመጠበት፣ ያንን ቆሻሻ ወዲያው አባረርኩት። ስልኩን የወሰደ ሌባ ነው የሚቀልደው በሉኝ፣ እሺ፣ ይሁን፣ ደስ ይለኛል፣ ታዲያ ሌባው የሽንት ቤት ጀርባ አሸዋ ያጠጣል?

ደንቡ ደንብ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል የጻፈ የለም። ሰዎቹን በግል እየገባሁ ለመንኳቸው፣ እባካችሁ የምታውቁት ካለ ተናገሩ አልኩ። ወልድያ ያለው አንዱ ባለመድኃኒት ቤት፣ ወሬ የማያመልጠው ሰው፣ አንድ ነገር ሊጽፍልኝ ጀምሮ፣ ትቶ፣ ደግሞ ጀምሮ፣ በመጨረሻ «ጥያቄውን ሰዒድ ይዞት የለ እንዴ» ብቻ ብሎኝ ወጣ።

አባ ይማም ደግሞ ሁልጊዜ መርፌያቸውን ልወጋቸው ስሄድ ክንዳቸውን እያቀረቡ «መለሰልሽ?» ይሉኛል።

«ገና ነው አባ» እላለሁ፣ «ይዞታል።»