የማይተኛው ገጽ

ኖላዊ ለቡ ውስጥ ከአንድ ጅምር ሕንፃ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ፤ ዓይኖቹ ገና ሰማዩን ያያሉ። ኢንስፔክተር አሰገደች አጎንብሳ እጆቹን አየች። የጄሶ ሠራተኛ ነበርና መዳፉ እስከ አንጓው ነጭ ነው። የጣቶቹ ጫፎች ግን፣ አሥሩም፣ ተጠርገው ንጹሕ ናቸው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አለ።

ኖላዊ በቤት ፈረሳ ምክንያት መንግሥትን የሚሞግተውን «አንተኛም» የተባለ የቴሌግራም ገጽ በስውር ይመራ ነበር። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሬሳው ከቀዘቀዘ በኋላ ገጹ ጻፈ፦ «ነገ ሁላችንም እንወጣለን!»

እህቱ ብርነሽ መካኒሳ ቤቷ ተቀምጣ ያንን አነበበችና ስልኳን ወደ አሰገደች አዞረች።

«እሱ አይደለም የጻፈው! ትናንት ‹ሰልፉን እሰርዛለሁ፣ አለዚያ ልጆቹን አስጨርሳለሁ› ብሎኛል። ልጄ ቤተልሄም እወጣለሁ ብላ ተነስታለች፤ የአጎቷ ገጽ መሆኑን እንኳ አታውቅም። የሞተ ሰው እየጠራት ነው!»

«ስልኩን በየትኛው ጣቱ ነበር የሚከፍተው?»

«በግራ ትንሿ ጣቱ። ጄሶ የማይበዛባት እሷ ናት ይል ነበር።»

የሥራ ባልደረባው ለታም ትንሿን ጣቱን ቀስሮ አሳያት።

«እንዲህ ነዋ እትዬ! ‹ሻይ የያዘች ሙሽራ› እያልን እናበሽቀው ነበር።»

ለገጹ ጽሑፍ እያዘጋጀ የሚልክለት ዳባ ግን ትከሻውን ነቀነቀ። «በአውራ ጣቱ ይሆናላ። እኔ ምን አውቃለሁ? የምንገናኘው ኔት ላይ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አሰገደች ሦስቱንም ብርነሽ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ጣቶቹ የተጠረጉት ስልኩ አሻራውን እንዲያነብ ነው» አለች። «ብርነሽ ወይም ለታ ቢሆኑ ትንሿን ብቻ ይጠርጉ ነበር። አሥሩንም የጠረገው የትኛዋ እንደሆነች የማያውቅ ሰው ነው። ስልኩን ከፍቶ የገጹን መግቢያ ኮድ ወሰደ፤ አሁን በራሱ ስልክ ነው የሚጽፈው። ዳባ፣ ስልክህን ወዲህ በል።»

ገጹ እዚያው ላይ ተከፍቶ ነበር። የዳባ ፊት አመድ መሰለ።

«ሰልፉን ሰርዤ ገጹን ልዘጋው ነው ሲለኝ ወደ ሕንፃው ሄድኩ… ገፋሁት፤ ጠርዙን አላየሁትም። እሱ ዝም ካለ ሁሉም ዝም ይላል። እንዲናገር ብዬ ነው!»

ብርነሽ ስልኩን ነጥቃ ጻፈች፦ «እህቱ ነኝ። ወንድሜ ሞቷል። ነገ አትውጡ፤ እሱም ይህንኑ ሊላችሁ ነበር።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ውሸት! ገጹን ፖሊስ ወስዶታል።» «አሁንማ የግድ እንወጣለን!»

የጓዳው በር ተከፈተ። ቤተልሄም ስልኳን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ከእናቷ ወደ ኢንስፔክተሯ መለዮ ሄደ።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይቺ ናት አይደል ያስጻፈችሽ?»

ብርነሽ ወደ ልጇ አንድ እርምጃ ሄደች። እጇ ላይ የዳባ ስልክ ደጋግሞ ይርገበገባል፦ አንተኛም። አንተኛም። አንተኛም።