የባሌ ሳል

እኔ ስለ መንፈስ ምናምን ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ እንኳን ላምን የሚያምኑትንም ሥራ የፈቱ ናቸው እል ነበር፣ ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁት ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቴ ታደለ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ያኔ ከወጣ ወር ከአስር ቀን ሆኖት ነበር፣ እኔም አልዋሻችሁም፣ ቂሊንጦ የምሠራበት ፋብሪካ አንድ ሰው ነበር፣ ከወሬ ያለፈ ነገር አልነበረንም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን "አስር ሰዓት ላይ ቃሊቲ እንገናኝ" ሲለኝ እሺ አልኩት።

ሳሎን መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን ሳበጥር መታጠቢያ ቤት ውሃ ሲከፈት ሰማሁ። የጎረቤት ነው ብዬ ተውኩት፣ ኮንዶሚኒየም እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ የላይኛው ሲያስነጥስ የታችኛው "ይማርህ" ይላል። ቀጥሎ ነጠላ ጫማ ሲጎተት፣ ከዚያ ሳል፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። እመኑኝ፣ አስራ አንድ ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ፣ የታደለን ሳል ከሺህ ሳል ለይቼ አውቃለሁ። "ታደለ?" አልኩ። ሄጄ ሳይ ማንም የለም፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ግን ርሷል፣ ከዚያ እስከ መኝታ ቤታችን በር የእግር ዱካ አለ፣ የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለውም።

የውጭውን በር በርግጄ ስወጣ ጎረቤታችን እማማ ጌጤ ደረጃው ላይ ቆመዋል።

"እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ሰውዬሽ መጣልሽ አይደል?"

"የት አዩት?"

"አሁን በዚህ አለፈኝ። ሰላም ብለው ዝም አለኝ፣ ደክሞት ነው መሰለኝ።"

እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ቆሜ ደወልኩለት።

"የት ነህ?"

"ሚሌ። መኪናው ሥር ጥላ ይዤ ጋደም ብያለሁ፣ ምነው?"

"ምንም" ልለው አፌን ስከፍት ሳሉ ከመኝታ ቤት መጣ፣ ከመጀመሪያው ጎላ ብሎ።

"ቤት ያለው ወንድ ማነው?"

ምን ልበለው? አንተ ነህ ልበለው?

"ማንም የለም።"

"ሲያስል ሰማሁት እኮ" አለና ዘጋው።

ቃሊቲ አልሄድኩም፣ ያን ሰውዬም ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም፣ ሌሊቱን እማማ ጌጤ ቤት አደርኩ። ታደለ በአምስተኛው ቀን ሲገባ ሁሉንም ነገርኩት፣ የፋብሪካውን ሰው ሳይቀር። የሰውዬውን ነገር አመነኝ፣ የሳሉን ግን አላመነኝም። ልከዳው የነበርኩበትን ይቅር ብሎኝ ያልከዳሁበትን ይዞብኛል።

አሁን ጉዞ በወጣ ቁጥር በሩ ላይ ዞር ይልና "ብቻሽን ነሽ አይደል?" ይለኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ፣ ባለፈው ሐሙስ ግን አዎ ከማለቴ በፊት ከኋላዬ የመኝታ ቤቱ በር በቀስታ ተዘጋ። ሁለታችንም ሰማነው። ቦርሳውን አነሳና ደረጃውን ወረደ።