ሱሪው ውስጥ የተሰፋው ስፖንጅ

ልብስ ሰፊዋ ለአንድ የዘፈን ክሊፕ ተወዛዋዦች ሱሪ ስትሰፋ፣ በየጉልበቱ ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ደርባበታለች። ያዘዛት የክሊፑ ዳይሬክተር ነው። «ከላይ እንዳይታወቅ፤ ለማንም እንዳይናገሩ» አላት። እሷም «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ብላ ለገዛ ልጇ እንኳ ሳትተነፍስ ቀረች።

ክሊፑ ሲወጣ ጉድ ተባለ! ተወዛዋዦቹ ዘለው ሲሚንቶው ላይ በጉልበታቸው ዷ! ይላሉ፤ ወዲያው እየሳቁ ይነሳሉ። ማስታወቂያው ደግሞ «ወኔ ያለው ይሞክረው!» ይላል። ኧረ የሰው ያለህ! ልጅ ባለበት አገር እንዲህ ይባላል? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግቢውን በጉልበቱ ይወቅጠው ጀመር። የልብስ ሰፊዋ ልጅም ከጓደኞቿ ላለማነስ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ዘለለች። ሰው ደግፎ አነሳት።

«የጉልበቷ ሎሚ ተሰብሯል» አለ ሐኪሙ። «መራመዱን ትራመዳለች። ሩጫውን ግን እንጃ።» ልጅቷ ከሩጫ ሌላ ሕልም አልነበራትም።

እናት በንዴት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ስፖንጅ እንደነበረው ለሕዝብ ተናገር!»

«እትዬ፣ ይረጋጉ እንጂ። ምስጢሩ ከወጣ ማን ያየዋል? ደግሞ ልጅ መጠበቅ የወላጅ ሥራ ነው።»

«የወላጅ? አንተ ስትሸጥላቸው ወላጃቸውን ጠይቀሃል? አያሳፍርህም!»

በሩን በላዩ ላይ ደርግማ ወጣች። ሱቋ ውስጥ ከተረፈው ሱሪ ስፖንጁን ተርትራ አወጣችና ለልጇ ወሰደችላት።

«እዪው፤ እነሱ የወደቁት በዚህ ላይ ነው።»

ልጅቷ ጫን ጫን አደረገችው። «ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

እናት ዳይሬክተሩ ላይ ያዘነበችው ቁጣ ሁሉ ዞሮ ራሷ ላይ ወደቀ።

ወገኖቼ፣ ዘፈኑ ይረሳል፤ ውዝዋዜው ግን በልጆቻችን አካል ላይ ይቀራል። ያሳየ ሰው የደበቀውንም ማሳየት አለበት። አይቶ ዝም ያለም ከደሙ ንጹሕ አይደለም!

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ስፖንጁን የምትሰፋው ከሱሪው በላይ ነው፤ ያውም በቀይ ክር። «ያስጠላል» ያላትን ደንበኛ «እንግዲያው ሌላ ሰፊ ፈልግ!» ትለዋለች።