በሞገዱ ላይ የወደቀው ዝምታ

በ፳፻፲፮ ዓ.ም. የካቲት ወር፣ የራያ ቆላ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ገርጥቶ ሳለ፣ ከዞብል ተራራ ማዶ እጅግ ርቆ ቀይ ባሕር በእሳት ይናጥ ነበር፤ መርከቦች በሚሳይል ይመቱ ነበርና።

ቆቦ ላይ ይህን ጉድ ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩት ባሻ እሸቴ። መርከብና የወደብ ጣቢያ የሚጠራሩበትን ሞገድ በአሮጌ ሬዲዮናቸው ይይዙታል፤ መስማት እንጂ መመለስ ግን አይችሉም። ጎረቤታቸው ኡሙሃኒም በየማታው መግሪብ ከሰገደች በኋላ ትመጣለች፤ ከማሉዲን የሚባለው አንድ ልጇ «ማሪሳ» በምትባል የጭነት መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ነው።

«ባሻ፣ ዛሬስ የልጄ መርከብ ተጠራች?»

«ቆዪ እስቲ፤ ገና ሳትቀመጪ!»

ሞገዱ እንደ ቆቦ ገበያ ይንጫጫል። ድንገት አንድ የተቆራረጠ ድምፅ በባዕድ ቋንቋ የማሪሳን ስም ደጋግሞ ጠርቶ እርዳታ ጠየቀ፤ ጣቢያውም ሁሉም ዝም እንዲል አዘዘ። ጫጫታው ባንዴ ጸጥ አለ።

«ማሪሳ አለ! ሰማሁት!» አለች ኡሙሃኒ ብድግ ብላ። «ጸጥም አለ፤ አልሐምዱሊላህ! ሰላም ሆነ ማለት ነው።»

ምን ታድርግ! ጦርነት ባልተለያት ቆቦ ላይ ተኩሱ ሲበርድ ሰው ተመስገን ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ዝምታን የምታውቀው በዚሁ ነው። በባሕር ሕግ ግን አንዱ ሊሰምጥ ሲጣራ፣ ድምፁ እንዲሰማ ሌላው ሁሉ አፉን ይዘጋል። ባሻ ሊነግሯት ከጀሉ፤ ፊቷ ሲፈካ አይተው ግን ተዉት።

«አሚን በይ» አሏት ብቻ።

እሷ ጎረቤት ለምስጋና ልትጠራ ወጣች። ጣቢያው ማሪሳን ሲጣራ አመሸ፤ የመለሰለት አልነበረም።

በማግስቱ ሰዉ ለዱዓ እንደተሰበሰበ ስልክ መጣ፤ መርከቧ ማታውኑ ሰምጣለች፣ ከማሉዲንም አልተገኘም። ኡሙሃኒ ቀጥ ብላ ባሻ ደጅ ላይ ቆመች።

«ባሻ፣ የዝምታውን ነገር ያውቁት ኖሯል?»

«አውቀው ነበር፤ ጨክኜ መናገር አቃተኝ እንጂ።»

«ልጄ ሲሰምጥ እኔ አመሰገንሁ! ልማፀንለት የምችልባትን ሰዓት ወሰዱብኝ፤ ባሻ።»

ባሻ ከዚያ ወዲያ ሬዲዮኑን ዳግመኛ አልከፈቱትም።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ሰዎች የመርከቧን ክብደትና የጫነችውን ስንዴ መዝግበዋል፤ ወጥ ሠሪውን «አንድ የጠፋ» ብለው አልፈውታል፤ ስለ እናቱማ ማን ይጽፋል! ዛሬም ቆቦ ላይ ተኩሱ ሲበርድ ሰዉ ተመስገን ብሎ ደጅ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ኡሙሃኒ በሯን ዘግታ ዱዓ ትጀምራለች።