ከግድግዳው ማዶ «አብሽር» ያሉኝ ሰው

በጂን፣ በዛር፣ በጠንቋይ እንደማላምን አዳማ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ እናቴ ለቡዳ ብላ ፌጦ ስትቋጥር እንኳ «እማዬ፣ ለቁርጠት ብታስቀምጪው ይሻልሻል» እያልኩ አበሽቃት ነበር። እና ወዳጄ፣ ይህን የምነግርህ እኔው ነኝና ሳትስቅ ስማኝ።

ለትምህርት ተመርጬ ፈረንሳይ አገር ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ በእልልታ ሸኘኝ፣ እዚያ ስደርስ ግን «እንደምን አደርክ» የሚለኝ አጣሁ። እንቅልፍ ሸሸኝ፣ መጽሐፍ ስከፍት ፊደሉ ይርገበገብብኛል። ከሁሉ የከፋው ብቻዬን መብላት ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው ግድግዳ እያየ እንዴት ይጎርሳል? ምግቡን እየተውኩት ከሳሁ፣ አእምሮዬን ልስት ነው ብዬ ፈራሁ፣ ትምህርቱን ጥዬ ልመለስ ጓዜን ሸከፍኩ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዳቦዬን ቆርሼ፣ እንደ አገሬ ልማድ «እንብላ» አልኩ፣ ማንም በሌለበት። በራሴው ሳቅሁ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፣ መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጥርት ባለ አማርኛ «አብሽር፣ ብላ፣ እኔ በልቻለሁ» አሉኝ።

ልብ በል፣ በዚያ ከተማ ከእኔ በቀር አበሻ የለም። በማግሥቱ አከራዬን ከግድግዳው ማዶ ያለውን ክፍል አስከፈትኳት፣ የከሰል ማስቀመጫ ነው። ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ቢሆንም ማታ እንደገና «እንብላ» አልኩ፣ «አብሽር» አሉኝ፣ በላሁ። እንዲህ እያልኩ እያሉኝ ወዘናዬ ተመለሰ፣ እንቅልፌም ተመለሰ፣ አብረውኝ ከሚማሩት ጋር መሳቅ መጫወት ጀመርኩ፣ ትምህርቴንም በደስታ ጨረስኩ።

አዳማ ስገባ የነበረውን ድግስ አትጠይቀኝ! ዳሱ ለሰዉ አልበቃም፣ እናቴ እያለቀሰች ታጎርሰኛለች፣ እያጎረሰች ታለቅሳለች። በመሐል ሼህ ይማም የሚባሉ ጎረቤት ገቡ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ናቸው፣ በዓይኔም አይቻቸው አላውቅም። ብድግ ብዬ «እንብላ» አልኳቸው።

«ዛሬስ እበላለሁ» አሉ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ስንት ጊዜ ጠርተኸኝ እንቢ አልኩህ፣ ነውር ነው።»

ሰው ጨዋታ መስሎት ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ ግን ይወርዳል። እናቴ ሥጋውን ገለል አድርጋ ዳቦና ማር አቀረበችላቸው፣ በእጄ አጎረስኳቸው፣ እሳቸውም መረቁኝ፣ እመነኝ፣ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሊሄዱ ሲነሡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንተስ ጠራህ፣ ተረፍክ» አሉኝ። «ከአንተ በላይ፣ ጣሪያው ሥር የነበረው ልጅ ግን ማንንም አልጠራም። ምን ሆኖ ይሆን?»

ፈረንሳይ ሳለሁ ከበላዬ ሰው ይኑር አይኑር አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ሱቃቸው ሄጄ ልጁ ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «የምን ልጅ? እኔ ፈረንሳይን የት አውቄው» ብለው ከልባቸው ሳቁ፣ ሻይም ጋበዙኝ። እኔም ጠጥቼ፣ ተጫውቼ ተመለስኩ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ገበታ ቀርቦ ቤቱ በሳቅ ሲደምቅ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ቀና እላለሁ።